የሟች ባለሱቅ መታሰቢያና የዱቤ ደብተሩ

በመርካቶ አንድ ባለሱቅ ያረፈ እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ መዝጊያቸውን አውርደው ወደ ቀብር ይወጣሉ፤ የዕድሩ ጡሩንባ ይነፋል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕድሩ ዕቃ ቤት መጥቶ በሟቹ ደጅ ይደረደራል። በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በዐሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ በአርባውና በሰማንያው፣ ከዚያም በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ስሙ በቤተ ክርስቲያን በጸሎት ይጠራል። ይህ ሥርዐት ከአባቶች የተቀበልነው ስለ ሆነ የሚስተው ሰው የለም። በሱቁ ውስጥ የቀረው ዕቃ፣ በሰው እጅ ያለው ዱቤ፣ ያልተከፈለው የአስመጪ ሒሳብና የዕቁቡ ነገር እንዴት እንደሚሆን አጥርቶ የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህም የደጉ ሰው መታሰቢያ በወራሾችና በባለገንዘቦች ክርክር ሲጎድፍ ይታያል። በዛሬው ጽሑፋችን እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ቤቱን አክባሪ የሆነ አነስተኛ ነጋዴ ሲያርፍ በልማድም በሕግም የሚሆነውን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድሞ ስለ ሰውዬው ጥቂት መናገር ይገባል። ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ አዲስ ከተማ በተባለው ስፍራ ተተከለ፤ መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ገበያ ማለት ከሆነው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ ከጉራጌና ከሌላውም ክፍለ ሀገር የመጡ ብዙ ወጣቶች በተሸካሚነት ወይም በሱቅ በደረቴነት ጀምረው፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ አጠራቅመው፣ በሸማ ተራ፣ በቆርቆሮ ተራ፣ በበርበሬ ተራና በሌሎቹም ተራዎች ባለሱቅ ለመሆን በቁ። ከእነዚህም መካከል ማለዳ የራጉኤልን ደጅ ተሳልሞ ሱቁን የሚከፍት፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ በወር አንድ ቀን የጽዋ ማኅበሩን የማያጓድል፣ ልጆቹን ከሱቁ ትርፍ የሚያስተምር ሰው በየተራው አለ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን የዘመን መለወጫና የቅዱስ ራጉኤል በዓል አንድ ላይ ስለሚውሉ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ዓመቱ በንግሥ ይከፈትለታል፤ የመንግሥት የሒሳብ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን መጀመሩን የሚያስታውሰው ግብር ሰብሳቢው ነው።

የዚህ ሰው ዋና ሀብት መታመኑ ነው። አስመጪው ያለ መያዣ ዕቃ ይሰጠዋል፤ እርሱም በተራው ከክፍለ ሀገር ለሚመጣው ነጋዴ ያለ ፊርማ ይሰጣል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ሁሉ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ነጋዴም በአንድ ዕቁብ ይጥላሉ፣ በአንዱ ቃል ሌላው ዕቃ ያወጣል። መታመን በሕግም ዋጋ ያለው ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ንብረት አድርጎ ሲቆጥረው፣ ከመደርደሪያው ዕቃ ሌላ የንግድ ስሙንና መልካም ዝናውን ጭምር ጠቅልሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው አዲሱ ሕግም ይህን አሳብ አልተወውም። እንግዲህ ስም ይወረሳል ማለት ነው። ችግሩ ስሙ የተጻፈበት ደብተር በአብዛኛው ከሟቹ በቀር ለማንም የማይነበብ መሆኑ ነው።

የዱቤ ደብተር ያየ ሰው ይህን ይረዳል። በተማሪ ደብተር ላይ «ቀጭኑ የደሴ»፣ «የወይዘሮዋ ወንድም»፣ «ባለ ቀይ መኪናው» ተብሎ ተጽፎ አጠገቡ ቁጥር ይቀመጣል። ለጻፈው ሰው ይህ በቂ ነው፤ ፊቱን ያውቀዋል፣ ቃሉንም ያውቀዋል። ለባለቤቱና ለልጆቹ ግን «ቀጭኑ የደሴ» ማን ነው? ደሴ ቀጭን ሰው ሞልቶባታል። በደብተሩ ያልሰፈረ፣ በልብ ብቻ ተይዞ የቆየ ሒሳብም አለ፤ ያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል መለየት ያስፈልጋል። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ይደነግጋል። በ1953 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚህ የሚያንስ ብድር በመርካቶ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ሟቹ ለወዳጁ በቃል ያበደረው ጥሬ ገንዘብ፣ ወዳጁ ካላመነ ወይም ካልማለ፣ በምስክር ብቻ አይመለስም። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ግን ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው፤ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭም የግድ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ ስለማያስገድድ፣ ዕቃውን የጫነው ሠራተኛና በአጠገቡ የነበረው ጎረቤት ሊመሰክሩ ይችላሉ። ይህን ልዩነት ሳያውቁ መብታቸውን የተዉ ቤተሰቦች አይጠፉም።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሚስትና አራት ልጆች ያሏቸው አንድ ባለሱቅ ኑዛዜ ሳይተዉ አረፉ እንበል። በሱቃቸው የ520,000 ብር ዕቃ፣ በባንክ 80,000 ብር፣ በዱቤ 200,000 ብር አላቸው፤ ድምሩ 800,000 ብር ይሆናል። ለአንድ አስመጪ 150,000 ብር ይከፍላሉ። የዕቁብ ዕጣቸውንም ቀደም ብለው ስለ ወሰዱ ገና የሚጥሉት 50,000 ብር ቀርቷል። የቀብሩን ወጪ ዕድሩ ሸፍኖታል። ዕዳው ሲቀነስ 600,000 ብር ይተርፋል። ንብረቱ ባልና ሚስቱ በጋብቻ ያፈሩት የጋራ ሀብት ከሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣውና በአዲስ አበባ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ግማሹ፣ ይኸውም 300,000 ብሩ፣ የሚስቲቱ የራሷ ድርሻ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው 300,000 ብር ብቻ ነው፤ እርሱም ወንድ ሴት ሳይለይ ለአራቱ ልጆች እኩል ተከፍሎ ለእያንዳንዳቸው 75,000 ብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት ወይም ባል ያለ ኑዛዜ የሟች ወራሽ አይሆኑም። ሚስቲቱ ግማሹን የምታገኘው የጋራ ሀብቷ ስለ ሆነ እንጂ በወራሽነት አይደለም። ሱቁ ከጋብቻው በፊት የተቋቋመና የሟቹ የግል ንብረት ሆኖ ከቀረ፣ ሠላሳ ዓመት ጎኑ ቆማ የሸጠችው ሴት ባዶ እጇን ልትቀር ትችላለች። ይህን ለማስቀረት ያለው መንገድ ኑዛዜ ነው።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። ደብተሩ የማይነበብ ሆኖ የ200,000 ብሩ ዱቤ ቢጠፋ፣ ከዕዳ የሚተርፈው ወደ 400,000 ብር ይወርዳል፤ የሚስቲቱ ድርሻ 200,000፣ የእያንዳንዱ ልጅ 50,000 ብር ይሆናል። ከዚህም የባሰው አስመጪውና ዕቁቡ በአንድ ጊዜ 200,000 ብር ሲጠይቁ በባንክ ያለው 80,000 ብር ብቻ መሆኑ ነው፤ ያንንም ባንኩ የወራሽነት ማረጋገጫ ሳያይ አይለቀውም። ስለዚህ ቤተሰቡ ዕቃውን በርካሽ አውጥቶ መሸጥ ይጀምራል። ሱቁ የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰውዬው ግን ከሁለት ወር በፊት ሞተዋል።

በዕቁብ ረገድ ልማዱ ግልጽ ነው፤ ዳኛውና ጸሐፊው መዝገቡን ይዘዋል፣ ዕጣውን የወሰደ ሁሉ ዋስ ጠርቷል። ሟቹ ዕጣቸውን ወስደው ከሆነ የቀረውን ቤተሰቡ ይጥላል፣ ካልቻለም ዋሱ ይጠየቃል። ዕጣቸው ገና ካልወጣ ያጠራቀሙት ለወራሾቻቸው የሚገባ ገንዘብ ነው። ከሁሉም የንግድ ግንኙነት ይልቅ ዕቁብ በሞት ጊዜ ብዙ ጠብ የማያስነሣው ሒሳቡ በሦስተኛ ሰው እጅ ተጽፎ ስለሚቀመጥ ነው ብለን እናምናለን። የዱቤ ደብተርም ግልባጭ ከቤት ቢቀመጥ ይኸው ጥቅም ይገኝ ነበር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የታየው ይህ ነው፤ ሱቁ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ወረቀትም አብሮ ይቃጠላል፤ ለዚህ ደግሞ ባለቤቱ መሞት እንኳ አያስፈልገውም።

ብዙ ክርስቲያን ነጋዴዎች «እኔ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነግሬአለሁ» ይላሉ። ይህ ለነፍስ ይበጃል። ነገር ግን ካህን በንስሐ የሰማውን ለማንም አይገልጥም፤ ስለዚህ በንስሐ የተነገረ ዕዳ ለፍርድ ቤትም ለወራሽም አይደርስም። ንስሐ አባት ከንስሐው ውጭ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሆነው የኑዛዜ ምስክር ቢሆኑ ግን የሚከለክል የለም። የቃል ኑዛዜ ሞቱ መቅረቡ በተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ነው፤ ይሁን እንጂ በቃል ሊደረግ የሚችለው የቀብርን ሥርዐት ማዘዝ፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን መስጠት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከት ትእዛዝ መተው ነው። ሱቅን ያህል ነገር በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

የቀሩት የኑዛዜ ዐይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰውዬው ራሱ በእጁ ጽሕፈት ሙሉውን የሚጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገርበት፣ ቀን የሚያኖርበትና በየገጹ የሚፈርምበት ነው። ሁለተኛው በግልጽ የሚደረገው ሲሆን፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ በሁሉም ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለመዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ጽሕፈት ለማይወድ ባለሱቅ ይህ ሁለተኛው ይሻላል እንላለን፤ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ግማሽ ቀን ማጥፋት በኋላ ብዙ ዓመት ከመከራከር ይቀላል። ለሙስሊም አንባቢዎቻችን ጉዳዩ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል ማስታወስ በቂ ይሆናል።

አስመጪዎችን የሚመለከተው እንዲህ ነው። ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟቹ ንብረት ከወራሾቹ ንብረት ተለይቶ ለብቻው የሚቆም ነው፤ ባለገንዘቡም የሚጠይቀው ከዚያ ንብረት ላይ ነው። በኑዛዜ ሌላ ሰው ካልተሾመ አጣሪዎቹ ወራሾቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የዕቃ መሸጫ ደረሰኙንና የተቀበለበትን ፊርማ ይዞ ለአጣሪው በጊዜ ማስታወቅ የባለገንዘቡ ፈንታ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ገብቶ «ገንዘቤስ?» የሚል ነጋዴ ለጊዜው ቀድሞ የተጠቀመ ሊመስለው ይችላል፤ በተራው የሚሰማው ስም ግን ብዙ ዓመት ይከተለዋል። ደግሞም ልጁ ሱቁን ይዞ እንዲቀጥል ሦስት ወይም አራት ወር የታገሠ አስመጪ አንድ የቆየ ደንበኛ አያጣም።

ሱቁን ለመቀጠል የሚፈልጉ ወራሾች መጀመሪያ የሚያወጡት በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። የንግድ ፈቃድ በሰው ስም የተሰጠ ስለ ሆነ በሟቹ ስም ሥራ መቀጠል ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ቤቱንም በሚመለከት፣ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች ለመንግሥት ከተወረሱ ወዲህ ብዙው የመርካቶ ሱቅ የኪራይ ቤት ስለ ሆነ፣ ወራሽ የሚወርሰው ግድግዳውን ሳይሆን፣ ውሉ ከፈቀደ የተከራይነቱን መብት ነው። ውሉን ማንበብ ከለቅሶው ቀጥሎ ሊደረግ የሚገባው ሥራ ነው።

ስለ ተዝካር አንድ ቃል ጨምረን እንጨርስ። በአርባው ቀን ለካህናትና ለድኾች የሚዘጋጀው ማዕድ የሟቹ መታሰቢያ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የሱቁ ሒሳብ ሳይጣራ በብድር በሬ የሚጥሉ ቤተሰቦች የአስመጪውን ገንዘብ ለእንግዶች እየመገቡ መሆናቸውን አያስተውሉም። በአርባው ጸሎቱንና ምጽዋቱን በአቅም አድርጎ፣ ሰፊውን ማዕድ ሒሳቡ ከጠራ በኋላ ለሙት ዓመቱ ማቆየት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ዕድሩም መዝገቡን ያስተካክላል፤ የባልየው ስም ይሰረዝና በዚያው መስመር የሚስቲቱ ስም ይጻፋል፣ ወርኃዊውንም መዋጮ እርሷ መክፈል ትቀጥላለች።