የጌሾ ልክ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት መሬቱ ከ1,800 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ይላል። የፎገራ ሩዝ ከኋላ ይቀርና የፋርጣ ገብስና ድንች ይቀበላል፤ ከዚያም ወዲያ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ተራራ አለ። እህሉ ሲለወጥ ጠላውም አብሮ ይለወጣል። ሜዳው ላይ ሩዝ ለጠላ ይውላል፣ ደጋው ላይ ገብስ ይነግሣል፣ እንደ ቤቱ አቅምና እንደ ዘመኑ ምርት በቆሎና ዳጉሳም ይገባል። ከሜዳው እስከ ጉና ሥር የማይለወጠው ጌሾ ነው። እህሉን በእህል መተካት ይቻላል፤ ለጌሾ ግን ምትክ የለም።

ለአንድ ጋን ምን ያህል ጌሾ ይበቃል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን የጠላ ጠማቂ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ መልስ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጌሾ በጓሮ ዳር የሚተከል፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ነው። በሳይንስ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋዎች ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ የመጠጥ ዋና ቅመም አድርገን የያዝነው ግን እኛና ኤርትራውያን ነን። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ በተለይ ለጠጅ ይውላል። ቅጠሉ ተለቅሞ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል። በጓሮዋ ጥቂት እግር ጌሾ ያላት ሴት ለቤቷ ከምትፈልገው ተርፎ ለገበያ የምታወጣው አታጣም።

በፋብሪካ ቢራ ውስጥ የጌሾን ቦታ የያዘው ሆፕስ የሚባለው ሐረግ ነው። ቤተሰቡ ከጌሾ የተለየ ነው፤ ሆፕስ ከካናቢስ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን ለቢራ የሚፈለገው የሴቴዋ ተክል አበባ ነው። የጀርመኗ ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1516 ባወጣችው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት አዝዛለች፤ ሆፕስ በአውሮፓ ቢራ ላይ ያለው ሥልጣን ከዚህ ይታወቃል። ይህ ሐረግ በደንብ ለማበብ ረጅም የበጋ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚመቸው ከምድር ወገብ ርቆ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ፣ ዳሽንም በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ ተቋቁሞ የአገር ገብስ ለቢራ ሆኗል። ሆፕሱ ግን ዛሬም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው።

ሁለቱ መራራዎች የሚሠሩበት መንገድ እጅግ ይለያያል። በሆፕስ ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ ቢጨመር ብዙም አያመርም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ጠባዩ ሲለወጥ ነው ምሬቱ የሚወጣው። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ደቂቃ ይቆጥራሉ። ለምሬት የሚፈለገው ሆፕስ 60 ደቂቃ ያህል ይፈላል፤ ለመዓዛ የሚፈለገው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ይገባል። መለኪያም አላቸው። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ 1 ሚሊግራም ያህል የተለወጠ አልፋ አሲድ ሲገኝ አንድ የምሬት አሐድ ይሉታል። ቀለል ያለ የፋብሪካ ቢራ 10 አካባቢ ይሆናል፤ ምሬቱ ሆን ተብሎ የተጠናከረው 60 እና 70 ይደርሳል። ከዚያ ይህን ቁጥር የብቅሉ ጭማቂ ካለው ውፍረት ጋር ያነጻጽሩታል። ብቅሉ ወፍራምና ጣፋጭ ከሆነ ሆፕሱ ይጨመራል፤ ቀጭን ከሆነ ይቀነሳል። ይህን ስሌት እንዳለ ደብረ ታቦር ቢያመጡት ሌላ ጣጣ አለው። በ2,700 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ በመሆኑ ያው ሆፕስ በዚያው ደቂቃ የሚሰጠው ምሬት ያንሳል።

ጌሾ እሳት አይጠይቅም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ምሬቱን ይለቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት የቅጠሉን መራራ ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለውታል። ለጠማቂዋ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ጌሾው ከጥንስሱ ቀን ጀምሮ ጠላው እስኪጠጣ ድረስ ከጋኑ አይወጣም። ሆፕስ የሚጥል ሰው ምሬቱ በቃ ሲል እሳቱን አጥፍቶ ያጣራል። ጌሾ የጣለች ሴት የሠራችውን ልትመልሰው አትችልም፤ ቅጠሉ በጋኑ ውስጥ ሌትም ቀንም ምሬቱን ይሰጣል። ልኩ ትክክል መሆን ያለበት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የሚታወቀው ደግሞ በመጨረሻው።

ያን የመጀመሪያ ቀን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል። ከዚያ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ጭሱ በሸክላው ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ሲጠግብ ይነሳል። ጠማቂዋ የተወቀጠውን ጌሾ ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ ታሸዋለች። አረንጓዴነቱን የያዘ፣ ሲታሽ ሽታው የሚነሳ ከሆነ ዘንድሮ የደረቀ ነው፤ ቡናማ ሆኖ አቧራ አቧራ ካለ የከረመ ነውና ከለመደችው በላይ ትጨምራለች። ምላሷ ላይም ጣል ታደርጋለች። እንግዲህ ላቦራቶሪው ይህ ነው። በጣሳ የሰፈረችው ጌሾ ትናንት ከሰፈረችው ጋር እኩል ቢሆንም ምሬቱ እኩል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የአውሮፓ ጠማቂ በሆፕሱ ከረጢት ላይ የተጻፈውን የአልፋ አሲድ መቶኛ ሲያነብ የሚያገኘውን ዕውቀት እሷ በጣቷና በምላሷ ታገኘዋለች።

ውሃ፣ ጌሾና ትንሽ ብቅል አንድ ላይ ሆነው ጥንስስ ይሆናሉ። ሞቅ ባለ አገር ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ደብረ ታቦር ላይ በነሐሴ፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ሲገባ፣ ጥንስሱም እንደ ሰዉ ይቀዘቅዛል፤ ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋት፣ በጨርቅ መሸፈን፣ አንድ ቀን መጨመር ይመጣል። ጆሮን ጋኑ አፍ ላይ ሲያደርጉት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከተሰማ ጥንስሱ ተነስቷል። ከዚህ በኋላ ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረሳል፣ ብቅሉ ይጨመራል፣ የተቆላው ገብስ ተፈጭቶ አሻሮ ሆኖ፣ ወይም ዱቄቱ ምጣድ ላይ ታምሶ እንኩሮ ሆኖ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ድፍድፍ ይባላል። አፉ ተከድኖ ይቀመጣል። በመጨረሻ ውሃ ተጨምሮበት ሲያድር ጠላ ይሆናል። ውሃ ሳይበዛበት በጨርቅ የተጣራው ወፍራሙ ፊልተር ከተራው ጠላ ይበረታል። በተረፈው ላይ ውሃ ሲታከል ቅራሪ ይወጣል፤ አተላው ለከብት ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም።

የጠላን ረቂቅ ሕዋሳት የመረመሩ የአገራችን ተመራማሪዎች በጋኑ ውስጥ ሁለት ዋና ሠራተኞች አግኝተዋል። አንደኛው ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ሁለተኛው ኮምጣጣነት የሚያመጣው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ነው። ከፋብሪካ ቢራ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በፋብሪካ ቢራ መራራው የሚመዘነው ከብቅሉ ጣፋጭ ጋር ነው። በደረሰ ጠላ ውስጥ ጣፋጩ አብዛኛው ተበልቶ አልቋል፤ ጌሾ የሚታገለው ከኮምጣጣው ጋር ነው። ጌሾ ሲያንስ ኮምጣጣው ይበረታና ጠላው በጥቂት ቀን ውስጥ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል። ሲበዛ ምሬቱ ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጠጪውም «ጌሾ በዝቶበታል፣ ራስ ይመታል» ብሎ ጣሳውን ያስቀምጣል። ልኩ የሆነ ጠላ መጀመሪያ የወይራውን ጭስና የአሻሮውን ቁሌት ይሰጥና ኮምጠጥ ይላል፤ ምሬቱ ከተዋጠ በኋላ ይመጣል፣ ብዙም አይቆይም። የጌሾ ቅጠል ጭማቂ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በላቦራቶሪም ታይቷል። ጠማቂዎቹ ይህን በሌላ ቃል ያውቁታል፤ ጌሾ ያነሰው ጠላ አይከርምም ይላሉ።

መክረም የሚለው ነገር የልኩ ዋና ቁልፍ ነው። ለደቦ የሚጠመቅ ጠላ አጫጆቹ በመጡበት ቀን ያልቃል፤ ጌሾው ቀለል ቢል ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ለሥራ ሰው ይመረጣል። ለማኅበር፣ ለሰርግ ወይም ለተዝካር የሚዘጋጀው ግን አስቀድሞ ይደፈደፋል፣ ሳምንታት ይቀመጣል፣ ከብዙ ጋን በየተራ ይቀዳል። በእንዲህ ያለው ዝግጅት አማት ከምራት ጋር ስትሠራ የሚሰማው ንግግር አጭር ነው። «እማዬ፣ ይህ አይበቃም?» «ጨምሪ ልጄ፤ ለነገ አይደለም፣ ለወሩ ነው።» ምራቲቱ ሌላ ጣሳ ትጨምራለች። ቀኑ ሲደርስ ከኮመጠጠ ስሙ የሚጠፋው የቤቱ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

የቁሌቱም ነገር አለ። ገብሱ እስኪጠቁር ከተቆላ ራሱ የሚያመጣው ምሬት ስላለ ጌሾው መቀነስ አለበት። ጠይም ጠላ የሚወድ ቤትና ቀላ ያለውን የሚወድ ቤት ጌሾ የሚሰፍሩት በአንድ ልክ አይደለም። በዚህ ላይ የከተማ ጠላ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ ብዬ አስባለሁ፤ እህሉን አጥቁረው፣ ጌሾውንም አብዝተው፣ ምሬቱን እንደ ጥንካሬ ይሸጡታል። ጥንካሬ የሚመጣው ከብቅሉና ከእህሉ ነው። ጌሾ መጠጡን መራራና ቆይታ ያለው ያደርገዋል እንጂ የአልኮሉ ምንጭ አይደለም።

ጌሾ ድፍድፍን እስከ ምን ድረስ እንደሚያቆይ ማየት የፈለገ የድሮውን በጌምድር ኮረፌ ይመልከት። በተለይ በቅማንት ሕዝብ ዘንድ ለሚታወቀው ለዚህ መጠጥ የተፈተገ ገብስ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ከደረቀ ጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር በሸክላ ዕቃ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ነው። እንግዳ ሲመጣ ከድፍድፉ የሚበቃውን ቀንሰው ውሃ ይጨምሩበታል፤ በማግስቱ ይጠጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ገብስን ለወራት በእርጥብነቱ ጠብቆ ማቆየት ቀላል ጥበብ አይደለም።

ለሆፕስ የተጻፈው መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል። እያንዳንዱ ዝርያ ስም አለው፣ የምሬቱ መጠን ይታወቃል፣ ለየትኛው ቢራ እንደሚስማማ ተለይቷል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ጠማቂዎችም ጌሾን ከኢትዮጵያ ሱቆች እየገዙ በማር ጠጅ ላይ መሞከር ጀምረዋል፤ እነሱ ልኩን በግራም ይጽፋሉ። የእኛ ልክ ያለው በእናቶቻችን መዳፍ ውስጥ ነው። «እንደ ጋኑ ነው፣ እንደ ጌሾው ነው» የሚለው መልሳቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንደ ምን ጋን፣ እንደ ምን ጌሾ የሚለው ተከትሎ ካልተጠየቀ ለተተኪው አይተላለፍም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እናትህ ወይም አያትሽ ጥንስስ ልትጥል ስትነሳ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ ቅረቡ። ጌሾውን ጋን ውስጥ ከመግባቱ በፊት መዝኑት። ውሃው ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ብቅሉና አሻሮው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ገብሱ ምን ያህል እንደተቆላ፣ ወሩንና የቆየበትን ቀን ጻፉ። ሲቀዳ ደግሞ «ልኩ ነው፣ አንሷል፣ በዝቷል» የምትለውን የእሷን ፍርድ በቃሏ ጨምሩበት። ይህን በአንድ ደብተር ላይ ሦስት አራት ጊዜ ያደረገ ቤት የራሱ የጌሾ ልክ በእጁ ነው።