ስድስት ገበያ መታገሥ

መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ አማርኛ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል። እንቅርት በየመንደሩ የሚታይ ሕመም ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ተረት ባልወጣለት ነበር። የደጋው አፈር ለዘመናት በዝናብና በጎርፍ ሲታጠብ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር አብሮ ይሄዳል። በዚያ አፈር የበቀለ እህል የሚበላ ሰው አዮዲን ያጥረዋል፤ ጉሮሮው ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢም የሚያገኘውን ጥቂት አዮዲን ለመሻማት ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችን መርምሮ ከመቶው 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። እብጠትን ግን ማንም ያየዋል። ሳይታይ የሚኖረው ከእብጠቱ ጋር ወይም ያለ እብጠት የሚመጣው የዕጢው መድከም ነው። ከዚያም የባሰ ችላ የሚባል ወቅት አለ፦ ሕመሙ ታውቆ፣ ኪኒን ተጀምሮ፣ መጠኑ እስኪስተካከል ያሉት ወራት።

ከታይሮይድ የሚወጣው ሆርሞን የሰውነትን ምድጃ የሚያነድ ነው። ሲያንስ ሁሉ ነገር ይዘገያል። ልብ ቀስ ብላ ትመታለች፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ነገር ይረሳል፣ የወር አበባ ይዛባል፣ ምግብ ሳይበዛ ሰውነት ይከብዳል፤ ብርድም አይቻልም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ግን ብርድ የማን ቅሬታ ይሆናል? ስሟ እንኳ ነፋስ መውጫ በሆነ ከተማ «በረደኝ» ያለችን ሴት ማን ታማለች ይላታል? በስማዳና በእስቴ ወረዳዎችም ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ስታጭድ የዋለች እናት «ደከመኝ» ብትል ድካሟ ከሥራዋ እንጂ ከዕጢ የመጣ አይመስልም። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ መብዛቱ ይበልጥ ይሸሽገዋል። መነሻውም አንድ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ በገዛ ዕጢው ላይ ሲነሣ፣ የአዮዲን እጥረቱ ሲከፋ፣ ወይም ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ይመጣል። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሄዳ እንቅርቷን ያስወጣች ሴት፣ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ ሆርሞኑን ዕድሜ ልኳን በኪኒን መተካት አለባት። «ወጣልኝ፣ ዳንኩ» ማለት የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ያረጀና የተመሰከረለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የጨመቀውን ፈሳሽ ሕመሙ ለጸናባት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ ሴትዮዋም 28 ዓመት ተጨማሪ ኖረች። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን በሚል ስም የሚሸጠው ኪኒን ዕጢው ራሱ ከሚሠራው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ብዙ ሰው ጀምሮት የሚቸገረው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ ችግሩ የኪኒኑ ጥንካሬ ወይም ድክመት ሳይሆን ጊዜ ነው። መጠኑን የሚያስተካክለው ቶሎ ቶሎ መቀያየር አይደለም፤ በየቀኑ በአንድ ዓይነት መንገድ እየዋጡ ስድስት ሳምንት ያህል መታገሥ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጠምዶ የሚያርስ ገበሬን እናስብ። በሬው ታይሮይድ ነው፤ ገበሬው ደግሞ አንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ናት። በሬው ሲደክም ጅራፉ ይበረታል፤ በሬው ሲፈጥን ጅራፉ ጸጥ ይላል። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ቲኤስኤች» ተብሎ የሚጻፈው የዚህ ጅራፍ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዕጢው በረታ ማለት ሳይሆን ደከመ ማለት ነው፤ በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ያለው ደህና ተብሎ ይወሰዳል። ሌቮታይሮክሲን ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ 7 ቀን ያህል ይፈጃል። መጠኑ ከ50 ወደ 75 ማይክሮግራም ከፍ ቢል ጭማሪው በአንድ ቀን ደም ውስጥ አይሞላም። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ በሳምንታዊ ገበያዋ ስም የተጠራች ከተማ ናትና በገበያ እንቁጠረው፦ በመጀመሪያው ገበያ የጭማሪው ግማሽ፣ በሁለተኛው ሦስት አራተኛው፣ በሦስተኛው ከስምንት እጅ ሰባቱ ይገባል፤ ጠቅልሎ የገባ ያህል የሚሆነው በስድስተኛው ገበያ ገደማ ነው። ገበሬውም ጅራፉን የሚያሳርፈው በሬው በርግጥ መፍጠኑን ካየ በኋላ ነው። ሐኪሞች መጠን ከተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ደም እንዲመረመር የሚያዙት ለዚህ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተሠራ ምርመራ ያልደረሰ እህል እንደ ማጨድ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ነው። ሲደክመኝ ግማሽ ኪኒን ብጨምር፣ ሲሻለኝ ብተወው ምን አለበት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሕመሙን ስሜት ከሕመምተኛዋ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ስሜት ሕመም እንዳለ ይናገራል እንጂ ኪኒኑ ስንት መሆን እንዳለበት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒቱን የሚወስዱ 138 ሰዎች መጠናቸው ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ሳይነገራቸው ለስድስት ወር ተከታተሏቸው። ተሳታፊዎቹ መጠናቸው ምን እንደሆነ ለይተው ማወቅ አልቻሉም፤ የወደዱት ግን ከፍ ያለ ነው ብለው ያሰቡትን ነበር። ደግሞም ድካም ሁሉ ከታይሮይድ አይመጣም፤ የደም ማነስ፣ የምግብ እጥረት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘንም ያደክማሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ዕጢያቸው በጥቂቱ ብቻ የደከመ 737 አረጋውያንን አጥንቶ ኪኒኑ ድካማቸውን ከባዶው ኪኒን የተሻለ እንዳልቀነሰው አሳይቷል። በገዛ እጅ መጨመር ደግሞ ያስከፍላል፤ ትርፍ ሆርሞን ልብን ያለ ሥርዓት ያስመታል፣ አጥንትን ያሳሳል። ሲሻል መተውም ያው ነው። የተሻለው ኪኒኑ ስላለ ነውና ሲቋረጥ ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ እግሩን እየጎተተ ይመለሳል።

ሌላው ነገር፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ደም ውስጥ የሚገባው መጠን አንድ ላይሆን ይችላል። ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት በውኃ ብቻ መዋጥ አለበት። ቡና አብሮት ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ የጧቱ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ኪኒን፣ ካልሲየምና ለጨጓራ የሚወሰደው ማስታገሻ ደግሞ ከእሱ በአራት ሰዓት ልዩነት መራራቅ አለባቸው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጧት ጧት ኪኒኗን ከቡናና ከጨጓራ መድኃኒት ጋር የምትወስድ ሴት 100 የተባለውን እየዋጠች ደሟ የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ወደ 125 ያሳድገዋል። በኋላ የጨጓራውን መድኃኒት ስትተው ያው 125 በድንገት ይበዛባትና ልቧ በኃይል መምታት ይጀምራል። የተሳሳተው መጠኑ አልነበረም፤ ልማዱ ነበር።

ከልማድ ሁሉ በዚህ አገር የሚከብደው ጾም ነው። ውኃ እንኳ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የጧቱን ኪኒን በምን ይውጠው? በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን፣ በፍልሰታም ሁለት ሳምንት የሚተዉት አሉ። ሃምሳ አምስት ቀን ማለት ስምንት ገበያ ያህል ነው፤ ከላይ እንዳየነው ሰውነት ከመድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ለመሆን ከበቂ በላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚሠራው ምርመራም የጾሙን እንጂ የመጠኑን ውጤት አያሳይም። መፍትሔው ግን ጾምና ሕክምናን ማጣላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት 90 ሕመምተኞች ኪኒኑን ማታ ሲተኙ ሲወስዱት የደማቸው ውጤት ከጧቱ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። እራት በጊዜ በልቶ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሲተኙ መዋጥ ጾሙን አይነካም፤ በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊሞችም ይኸው ይሠራል። ይህ የማይመች ከሆነ ደግሞ ሕመምተኛ በጉንጭ ውኃ ኪኒን ስለ መዋጡ የነፍስ አባትን መጠየቅ ነው። ቁም ነገሩ ሰዓቱ ጧት ወይም ማታ መሆኑ ሳይሆን ከዛሬ ነገ አለመቀያየሩ ነው፤ ሰዓት ከተቀየረም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የርቀት ነው። የቲኤስኤች ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ገጠር ተነሥቶ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መድረስ የመኪና፣ የማደሪያና የምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሴፍቲኔት ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። «ስድስት ሳምንት ጠብቀህ ተመርመር» የሚለው ምክር ለከተሜ እንጂ ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው እውነት አለው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው ድምዳሜ «ስለዚህ በስሜት እንሂድ» የሚል ሳይሆን ተቃራኒው ነው። ምርመራው ውድና ሩቅ ከሆነ ማባከን አይገባም። ኪኒኑን እየዋጡ እየተዉ ቆይቶ የሚሠራ ምርመራ፣ ወይም በሦስተኛው ሳምንት የሚሠራ፣ ገንዘቡ ቢከፈልም ምንም አይናገርም። ስድስት ሳምንት ሳያዛንፉ ውጦ የተሠራ አንድ ምርመራ ግን ከሦስት የተዘበራረቁ ይሻላል። መጠኑ አንዴ ከተገኘ በኋላ ደግሞ በስድስት ወር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ለብዙዎች ይበቃል።

በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ያለው ጊዜም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መጠኑ የተለወጠበትን ቀን፣ ያመለጠውን ኪኒን፣ አብሮ የተጀመረውን ሌላ መድኃኒት በደብተር መጻፍ ምንም አያስወጣም፤ ማንበብ የማትችል እናት ልጇ ይጽፍላታል። ክብደትና የልብ ምት በጤና ኬላ ሊለኩ ይችላሉ። አንድ ቀን ቢረሳ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ቆይታ ስላለው በዚያው ቀን ሲታወስ መዋጥ ነው፤ ሳይጠይቁ መደረብ ግን አይገባም። የመንገድ መዘጋት ለሚያሰጋው ሰው የአንድ ወር ትርፍ ኪኒን በቤት መያዝን ከሐኪም ጋር መነጋገር ብልህነት ነው። ኪኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሸዋል። ጉና ሥር ላለ ቤት ሙቀቱ አያሳስብም፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ግን ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ማስቀመጥ አቅሙን ይቀንሰዋል። የኪኒኑ ቀለምም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቀለም ሳይሆን በተጻፈው ቁጥር መለየት ነው።

ትዕግሥት የማይሠራበት ጊዜ እንዳለም መሸሸግ አይገባም። መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ካረገዘች ስድስት ሳምንት አትጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና መጠኑ ብዙ ጊዜ በሩብ ያህል መጨመር አለበት፤ የወር አበባ እንደቀረ ወዲያው ሕክምና ቤት መሄድ ነው። ደረት የሚወጋው፣ ልቡ የሚዘል፣ ወይም ፊቱ አብጦ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሐሳቡ የሚምታታበት ሰውም እንዲሁ። ለአረጋውያንና ለልብ ሕመምተኞች ደግሞ በተቃራኒው በ25 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ጤነኛ ልብ ያለው ወጣት ዕጢው ከወጣ ለ60 ኪሎ 100 ማይክሮግራም ገደማ ሊሰጠው ይችላል። የጎረቤትን መጠን ለራስ መለኪያ ማድረግ የማይቻለው ለዚህ ነው።

«አዮዲን ያለበት ጨው መብላት አይበቃም ወይ?» የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ጨው ለመከላከል ታላቅ መሣሪያ ነው። ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በኋላ ቀርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናትም ጨዋቸው ከተመረመረ ቤተሰቦች በ89 ከመቶው አዮዲን ተገኘ። ይህ ለሚወለደው ትውልድ ትልቅ ነገር ነው፤ ጨውን ሳያጥቡ፣ ከድኖ አስቀምጦ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመርም አዮዲኑን ያቆየዋል። ዕጢዋ የወጣ ወይም የተጎዳ ሴት ግን አዮዲን ቢሰጣት የሚሠራበት ጤነኛ ዕጢ የላትም፤ ጥጃ ለሞተባት ላም ሣር ቢበዛ ጥጃው አይነሣም። እንዲያውም የታመመ ዕጢ ላይ አዮዲን ከልክ በላይ ሲበዛ ድካሙን ሊያብስ ይችላል። ጠበልም ቢሆን ኪኒኑን ካላስቆመ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ የሚጎዳው ሁለቱን ማማረጥ ነው።

እንግዲህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለምትኖር ሕመምተኛ የሚጠቅመው ምክር አጭር ነው። ኪኒኑን በአንድ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ዋጪው፤ መጠኑ በተለወጠ ቀን ምልክት አድርጊና ስድስት ገበያ ቁጠሪ፤ ከዚያ ብቻ ለምርመራው መንገድ ውጪ። በመካከሉ አንድ ቀን ድካም ቢጫንሽ፣ ሌላ ቀን ብርታት ቢሰማሽ፣ ሁለቱንም በደብተሩ ላይ ጽፈሽ ለሐኪሙ ውሰጂለት፤ ኪኒኑን ግን አትንኪው።