ለአዲሱ አሠሪ ምን ይነገራል? ምንስ ይቀራል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን የሚሠራው በሕመምተኛና በሐኪም መካከል ነው እንጂ በሠራተኛና በአሠሪ መካከል አይደለም። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አዲስ ሥራ ለመጀመር የተዘጋጁ እናት ከሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድመው ቢያስቡበት ይጠቅምዎታል፤ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነውና።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የሁለት ልጆች እናት እናስብ። በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ሳይታከም በመቅረቱ፣ ውሎ አድሮ የልብ ቫልቯን ጎዳው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ሌሊት ትራስ ደራርባ እየተኛች ከቆየች በኋላ ደረቷ ተከፍቶ የተበላሸው ቫልቭ ሜካኒካል በሚባለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተካላት። ዛሬ ጤናዋ ተመልሷል፤ ገበያ ትወጣለች፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። አንድ ፋብሪካም በዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ያዥነት ሊቀጥራት ተስማማ። የቅጥሩን ቅጽ ስትሞላ ግን «ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?» ከሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሳታስበውም ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የደረቷን ጠባሳ ሸፈነች።

እርስዎ በእርሷ ቦታ ቢሆኑ ምን ይጽፉ ነበር?

«የለም» ብሎ መጻፍ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የተጠየቁትን መዋሸትና ያልተጠየቁትን አለመናገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሸቱ አንድ ቀን፣ ምናልባትም በመጀመሪያው የሐኪም ቀጠሮ፣ መገለጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥያቄው የጤና መሆኑ ይቀርና የእምነት ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ የሕመምዎን ታሪክ ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ለአሠሪ የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም። አሠሪው በእርግጥ ማወቅ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ሥራውን መሥራት መቻልዎን፣ የማይችሉት ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ እንዲሟላልዎት የሚፈልጉትን።

ይህንን ለማወቅ አስቀድመው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። «የቢሮ ሥራ ነው» ብለው ብቻ አይለፉት፤ የሥራውን ዝርዝር ይንገሩት። ስንት ሰዓት ይቆማሉ? ዕቃ ያነሣሉ? መሰላል ይወጣሉ? የሌሊት ተራ አለ? ደረት በተከፈተበት ቀዶ ሕክምና የደረት አጥንት እስኪገጥም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ክብደት ማንሣት እንደሚቻል የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የጽሑፍ ማስረጃም ይጠይቁ። ማስረጃው የበሽታውን ታሪክ ሳይሆን ለሥራው ብቁ መሆንዎንና የሚከለከሉትን ነገር የሚገልጽ ይሁን።

ሁሉም ቀዶ ሕክምና እንደ ልብ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማዮማ ወጥቶልዎት ፈጽሞ ከዳኑና የሚወስዱት መድኃኒት ከሌለ፣ ለጽሕፈት ሥራ ሲቀጠሩ ሳይጠየቁ የሚናገሩበት ምክንያት የለም።

ሕጉንም ማወቅ ይበጃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛዋ ለሥራው ተስማሚ ሆና ካልተገኘች አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታት ይችላል። የሕመም ፈቃድ መብት የሚገኘውም የሙከራው ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሲደርስ፣ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። አሠሪው በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግም አዋጁ ይከለክላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ስለሆነ የዚያን መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ይጠይቁ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ሠራተኛዋ ከሁሉ ይበልጥ ጥበቃዋ የሚሳሳው በእነዚያ የመጀመሪያ 60 የሥራ ቀናት ነው። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ የደም ምርመራ ቀጠሮዋ የሙከራ ጊዜ ነው ብሎ አይጠብቃትም። ስለዚህ ለሥራው ከተመረጡ በኋላ፣ ነገር ግን ውሉን ከመፈረምዎ በፊት፣ እንዲህ ብለው በአጭሩ ቢናገሩ መልካም ነው፦

«ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ድኛለሁ። ለዚህ ሥራ ብቁ መሆኔን ሐኪሜ በጽሑፍ አረጋግጧል። ከባድ ዕቃ ማንሣት አልችልም፤ በወር አንድ ጊዜም ለምርመራ ግማሽ ቀን ያስፈልገኛል። የሚጎድለውን ሰዓት አካክሳለሁ።»

ከተስማሙም ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሰፍር ያድርጉ። ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነው። ለሕክምናው ገንዘቡ ከየት እንደተገኘ፣ ወደፊት ልጅ ይወልዱ እንደሆነ ለአሠሪ አይነገርም። የእርግዝናው ነገር ለሐኪም ግን የግድ ይነገራል። ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት። ፈርታ በራሷ ፈቃድ መድኃኒቱን ብታቋርጥ ደግሞ በቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ለሕይወቷ አስጊ ይሆናል።

ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከባልደረቦችዎ መካከል ለሚያምኗት ለአንዷ ይንገሯት። የመድኃኒቱ ስም፣ የሚታከሙበት ሆስፒታልና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ካርድ ከቦርሳዎ አይለይ። እጅዎን ስለት ቢቆርጥዎት ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። ወድቀው ጭንቅላትዎን ቢመቱ ግን ደም ባይታይም በቶሎ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ራስ ምታት ሲይዝዎት ጓደኛዎ ከመሳቢያዋ አውጥታ የምትሰጥዎትን ክኒን እንዲሁ አይዋጡ፤ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰዱ የመድማት አደጋ ያባብሳሉ።

እውነቱን መናገር አንዳንድ ጊዜ ሥራ ሊያሳጣ እንደሚችል አንክድም። ደመወዝ የሚጠብቁ ልጆች ላሏት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ያቺ መዝገብ ያዥ ዝም ብላ ብትገባ፣ አንድ ቀን «እስቲ ይህን ጥቅል አንሺ» መባሏ አይቀርም ነበር። እምቢ ብትል ሰነፍ ልትባል ነው፤ ብታነሣ ደግሞ ሐኪሟ የከለከላትን መጣሷ ነው።

ስለዚህ በቅጹ ላይ «አዎን፤ የሐኪም ማስረጃ ተያይዟል» ብላ ትጻፍ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚህ ያለፈው የሕመም ታሪክ በሐኪምዎ መዝገብና በቤተሰብዎ ዘንድ ይቆይ።