ያውቁ ኖሯል? አፍንጫ ውስጥ ጀምሮ ዓይን የሚገፋ ፈንገስ አለ

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃትና ደረቅ አካባቢ የአስፐርጊለስ ፈንገስ ረቂቅ ዘር ከአቧራ ጋር ይነሳል። ሁላችንም እንተነፍሰዋለን፤ አብዛኞቻችንን አይጎዳም። አልፎ አልፎ ግን ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባለ የአጥንት ክፍተት) ውስጥ ሥር ሰዶ አጥንት እየበላ ወደ ዓይንና አንጎል ይዘልቃል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጎረቤት ሱዳን የነበሩ ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም ጽፈዋል።

ምልክቱ፦ ለወራት የታፈነ የአንድ ወገን አፍንጫ፤ ሳያምም ወደ ውጭ የሚገፋ ዓይን።

ምርመራው፦ ሲቲ ስካን፣ እንዲሁም ከሳይነሱ የሚወሰድ ናሙና። በማይክሮስኮፕ ፈንገሱ ቅርንጫፍ ያወጣ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል።

ሕክምናው፦ በቀዶ ሕክምና ማጽዳትና ለወራት የሚወሰድ የፀረ ፈንገስ መድኃኒት። አንቲባዮቲክ ፈንገስን አይገድልም።

ዓይንዎ ከተገፋ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ነገ ዛሬ ሳይሉ የአንገት በላይ ሐኪም ያማክሩ።