አልጋና ሥጋ ዘመድ፦ የጎንደር ቤተ መንግሥት በሮም መስተዋት

የመጀመሪያዎቹ የሮም ቄሣሮች ሲነሡ ከሁሉ በፊት የሚወሳው ጭካኔያቸው ነው። ካሊጉላ እብድ፣ ኔሮን እናቱን ያስገደለ ግፈኛ፣ አግሪጲናም ባሏን በመርዝ ያጠፋች ክፉ ሴት ተብለው ይተረካሉ። በእኛም ዘንድ የነገሥታት ታሪክ ብዙ ጊዜ በደግና በክፉ ተከፍሎ ይነገራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የቤተ መንግሥት ደም መፋሰስ ዋና ምንጩ የሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን የታወቀ የአልጋ ውርስ ሕግ መታጣቱ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ሲሞት የተወው መንግሥት በስም ንጉሥ አልነበረውም፤ ስለዚህም አልጋ ወራሽ የሚባል በሕግ የታወቀ ማዕረግ አልነበረም። ወሳኞቹ ከአውግስጦስ ቤት መዛመድና የክብር ዘበኛው ጦር ድጋፍ ነበሩ። ከቤቱ የተወለደ ሁሉ ተስፋ ነበረው፤ ተስፋ ያለው ሁሉ ደግሞ በገዥው ዘንድ ያስፈራ ነበር። የአውግስጦስ የልጅ ልጅ አግሪጳ ፖስቱሙስ አያቱ እንደ ሞተ ወዲያው ተገደለ። ኔሮን በ54 ከነገሠ በኋላ የእንጀራ አባቱ ልጅ ብሪታኒከስ በ55 በድንገት ሞተ፤ እናቱም በ59 በእርሱ ትእዛዝ ተገደለች። ከእነርሱ በፊት ክላውዲዎስ ተርፎ ለመንገሥ የበቃው ዘመዶቹ እንደ ጅል ይቆጥሩት ስለ ነበር ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ከሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት በወንድ ሐረግ የተወለደ ሁሉ ለንግሥ ብቁ ነበር፤ የበኵር ልጅ መብት ግን ጸንቶ አልኖረም። አበው ለዚህ ያበጁት መላ አምባ ነበር። መሳፍንቱ በግሸን ይጠበቁ ነበር፤ ግሸን በ1540 በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ከወደቀ በኋላ ዐፄ ፋሲል (1632–1667) ልማዱን በወህኒ አምባ አደሱት። «ወህኒ ቤት» የሚለው ቃላችን የዚያን አምባ ስም ይዞ ቀርቷል። አምባው ወንድማማቾችን ከመገዳደል ለማዳን የታሰበ ቢሆንም፣ ንጉሥ ለመለወጥ ለሚሻ መኰንን ሁሉ የተዘጋጁ ተተኪዎች ማከማቻ ሆነ።

ውጤቱ በጎንደር ታየ። ታላቁ ኢያሱ ገና በሕይወት ሳሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በእናታቸው በመለኮታዊትና በወገኖቿ ግፊት ነገሡ፤ አባትዬውም በ1706 በጣና ደሴት ተገደሉ። ልጅዬውም በተራቸው በ1708 ተገደሉ። የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ከወህኒ ወርደው ሲነግሡ የወንድማቸውን ገዳዮችና መለኮታዊትን በሞት ቀጡ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የነገሡት ዮስጦስ በወንድ ሐረግ ከነገሥታቱ አይወለዱም ነበር። ዳዊትም በ1721 በመርዝ እንደ ሞቱ ይነገራል። በ15 ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ ማለት ነው።

በካፋ (1721–1730) የወጡት ከዚህ ትምህርት ቤት ነው። ማንነታቸውን ሰውረው በሕዝብ መካከል ይዘዋወሩ እንደ ነበር የሚተረከውን ተረት አድርገን ብናልፈው እንኳ፣ መጠርጠራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከወህኒ ለማምለጥ የሞከሩት ወንድማቸው ዮሐንስ እጃቸው ተቆረጠ፤ አካሉ የጎደለ አይነግሥም ነበርና። ሆኖም ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ኢዮአስን አስገድለው እኚህኑ እጀ ቆራጣ ሽማግሌ አነገሧቸው፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት በመርዝ ሞቱ። ዘመነ መሳፍንት የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

ምንጮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ታሲተስና ስዌቶኒዎስ የጻፉት ድርጊቱ ከተፈጸመ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ጀምስ ብሩስም ጎንደር የገባው በ1770፣ በካፋ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ዜና መዋዕልም የድል አድራጊውን ወገን ያደላል። በሮም ታሪክ መርዙ ብዙ ጊዜ በሴቶች እጅ መገኘቱም ሊያጠራጥረን ይገባል። የነገሥታቱ በተከታታይ መጥፋት ግን አያከራክርም።

በጆሃንስበርግ ለምንኖረው ለእኛ ሌላ ምስክር ቅርባችን አለ። ሻካ ዙሉ በ1828 በአባት ወንድሞቹ በዲንጋኔና በምህላንጋና እጅ ሞተ፤ ዲንጋኔም ጥቂት ቆይቶ ምህላንጋናን አስገደለ። ምፓንዴ ግን እንደ ክላውዲዎስ ስለ ተናቀ ተረፈ፤ በ1840 ዲንጋኔን ገለበጠ። ሮም፣ ጎንደርና ዙሉ ይህን አንዳቸው ከሌላው አልተማሩትም።

በ1974 ዘውዱ ሲወርድ ይህ ሁሉ ያበቃ መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ደርግ ንጉሥ ሻረ እንጂ ሥልጣን የሚተላለፍበትን ሕግ አልተከለም። ሥጋ ዘመድ በጓድ ተተካ፤ ጄኔራል አማን አንዶም በኅዳር 1974፣ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በፌብሩዋሪ 1977፣ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1977 በጓዶቻቸው እጅ ጠፉ። ብዙዎቻችንን ለስደት የዳረገው ዘመን ይኸው ነው። ስለ አገራችን ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ቀጣዩ መሪ ደግ ይሁን ክፉ ነው። ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ያ መሪ በምን ሕግ ይመጣል፣ በምን ሕግስ በሕይወቱ ከሥልጣን ይወርዳል የሚለው ነው። ይህ ካልተመለሰ ደግ ሰው ብናነግሥ እንኳ አልጋው ራሱ ተጠራጣሪ ያደርገዋል።