ለሱሉልታ መንገድ የትኛው ሞተር ብስክሌት ይሻላል?

ሱሉልታ፡- ሞተር ብስክሌት ለመግዛት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የፋብሪካውን ስም ነው። ይሁን እንጂ እንደ ሱሉልታ ባለ ደጋማ አካባቢ የአንድ ሞተር ብስክሌት አስተማማኝነት የሚለካው በስሙ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ፣ በመለዋወጫ አቅርቦቱና ለዳገትና ለቁልቁለት ባለው ብቃት ጭምር ነው።

ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን በጎጃም መስመር ላይ የምትገኘው ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተካታለች። አካባቢዋ በወተት ምርት የታወቀ ሲሆን፣ ከአስፋልቱ የራቁ መንደሮች መንገድ በክረምት በዋልካ ጭቃ ይያዛል። ወተት ጭኖ በመንገድ ላይ የሚቆም ሞተር ብስክሌት ለባለቤቱ የምርት ብክነትና የገቢ ማጣት ያስከትላል።

ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው። በዚህም ምክንያት ማንኛውም የቤንዚን ሞተር በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። አሽከርካሪዎች እንደ ፋብሪካ ጉድለት ከሚቆጥሯቸው ችግሮች አንዱ ይኸው ነው።

ከጃፓን ምርቶች መካከል ያማሃ ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው። ካቴናው በሽፋን የተከለለ በመሆኑ ጭቃ አይደርስበትም፤ ከፊትና ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር በበኩሉ ጥገና እንደልብ በማይገኝባቸው አገሮች ጭምር እንዲያገለግል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የቀረበ ሲሆን፣ ቫልቮቹ በዘንግ የሚገፉ መሆናቸው አሠራሩን ቀላል አድርጎታል።

በርካታ የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ የሆንዳ ንድፍ ተከትለው ያመርታሉ። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ሆኖም የብረቱ ጥራት፣ የብየዳውና የኤሌክትሪክ ገመዱ አሠራር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ስሙ በአገራችን የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ መጠሪያ የሆነው የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ቦክሰር የተባለውን ሞተር ብስክሌት ያመርታል። ሌላው የሕንድ ኩባንያ ቲቪኤስ እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ድረስ ከጃፓኑ ሱዙኪ ጋር በሽርክና ይሠራ ነበር።

ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ጥናት እስከ አራተኛ ዓመታቸው ድረስ ብልሽት የሚያጋጥማቸውን ገምቷል። በዚሁ መሠረት ያማሃ 11 በመቶ፣ ሆንዳና ሱዙኪ 12 በመቶ፣ ካዋሳኪ 15 በመቶ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን 26 በመቶ፣ ዱካቲ 33 በመቶ፣ ቢኤምደብሊው 40 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ ዋጋ መወደድ የአስተማማኝነት ማረጋገጫ አለመሆኑን ያሳያል። ነገር ግን የአሜሪካን ገበያ የተመለከተ በመሆኑ የሕንድና የቻይና ምርቶችን ለማነጻጸር አያገለግልም።

ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወስደው ቁልቁለት ሌላው መመዘኛ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ሲነዳ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚገታ የፍሬኑን ጫና ይቀንሳል። እንደ ኤጂ 100 ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ይህ ኃይሉ አነስተኛ ነው። የሚቀባውም ከነዳጁ ጋር በሚገባው ዘይት በመሆኑ ነዳጅ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ቅባት ያንሰዋል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ተራራውን ለሚመላለስ ሰው ባለ አራት ምቱ የተሻለ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አየር ስለማያስፈልጋቸው በከፍታ ጉልበት አያጡም፤ ይሁንና ዳገትና ብርድ የባትሪያቸውን የጉዞ ርቀት ያሳጥራሉ።

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሻሲውን ብየዳ መመልከት፣ የጎማዎቹን ኩሽኔታ በእጅ እያወዛወዙ መፈተሽና ሞተሩን ከቀዘቀዘበት ማስነሳት ይገባዋል። ከሁሉም በላይ የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና የፍሪሲዮን መለዋወጫ በአቅራቢያው መገኘቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። መለዋወጫው ቅርብ የሆነ መካከለኛ ሞተር ብስክሌት፣ ዕቃው ለወራት ከሚጠበቅለት ዝነኛ ይልቅ ብዙ ቀን ሥራ ላይ ይውላል።