ሞተሩ ተገዛ፣ ማርሚታው ተረሳ

ሶማሌ ተራ ሞተር የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በብሎኩና በሞተር ቁጥሩ ላይ ነው። አስነስቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ትንፋሹን ያያል፣ ከነጋዴው ጋር እስኪበቃው ይከራከራል። ሞተሩ ከመርካቶ ተጭኖ ኮልፌ ወይም አየር ጤና ካለ ጋራዥ ሲደርስ ግን ሒሳብ ውስጥ ያልገባ አንድ ዕቃ ብቅ ይላል። መካኒኩ ሞተሩን ቦታው ላይ አስሮ ከጨረሰ በኋላ የአሮጌው ጭስ ማውጫ አፍና የአዲሱ ሞተር አፍ አልገጥም ይላሉ። ያን ጊዜ በያጅ ይጠራል። ባለንብረቱ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ያለቀበት ሰዓት ስለሆነ፣ ያን ያህል የተደከመበት ሞተር በተገኘው ቱቦ ይቀጠላል።

ነገሩ ከበያጁ አልፎ የገበያ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር በሚከብድ ታክስ ውስጥ አስገባቸው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ1,000 ዶላር ዕቃ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት ከ57,000 ብር ወደ 100,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ በእጅ ያለውን መኪና ልብ ቀይሮ ማቆየት የብዙ ባለንብረቶች ምርጫ ቢሆን አይገርምም። ልብ ሲቀየር ታዲያ የመተንፈሻው ነገር መታሰብ ነበረበት።

ለአብነት ከታክሲ ሥራ የወጣ አንድ ባለ ሃይሩፍ ቶዮታ ሃይኤስ ይወሰድ። ባለቤቱ ወንበሮቹን አውጥቶ አልጋ፣ የውሃ ታንከርና የጋዝ ምድጃ አስገብቶበት ወደ ባሌ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚጓዙ ጎብኚዎች ሊያከራየው አስቧል። የደከመው 2ኤል የናፍጣ ሞተር 2,446 ሲሲ ነው፤ የሚተካው 5ኤል ደግሞ 2,986 ሲሲ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ባለንብረቱ ሥራው ፈትቶ ማሰር ብቻ ይመስለዋል።

ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። እነዚህ ሞተሮች በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሲሊንደሮቻቸውን በአየር ይሞላሉ። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከሩ አሮጌው ቢበዛ 3,670 ሊትር ገደማ፣ አዲሱ 4,480 ሊትር ገደማ አየር ይስባሉ፤ ልዩነቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ነው። የገባው ሁሉ ተቃጥሎና በሙቀት አብጦ በዚያው በአንዲት ቱቦ መውጣት አለበት። ውስጡ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በ50 ሚሊ ሜትር ቢተካ በዓይን የማይሞላው የ8 ሚሊ ሜትር ጭማሪ የመተላለፊያውን ስፋት 42 በመቶ ያሳድገዋል። በጠበበው ቱቦ የሚሄድ ሞተር ከሲሊንደሩ ጭሱን ጨርሶ ለማውጣት ጉልበቱን ይከፍላል። አቀበት ላይ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ናፍጣም ይበላል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ይህች ብክነት በየቀኑ ከኪስ የምትወጣ ናት።

ቱቦውን አለመጠን ማስፋትም ትርፍ የለውም። ቱርቦ ለሌለው ናፍጣ ሞተር ከሚበቃው በላይ የሰፋ ቱቦ ጩኸት፣ ክብደትና የቁሳቁስ ወጪ ከመጨመር ሌላ የሚሰጠው ጉልበት አነስተኛ ነው። ቱርቦ ላለው ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ሲሆን ቱርቦው በፍጥነት ይነሳል። በያጁን ለማነጋገር የሄደ ሰው መጀመሪያ ሊነግረው የሚገባው እንግዲህ የሞተሩን ሲሲና ቱርቦ ያለው መሆን አለመሆኑን ነው።

ማርሚታ የሚለው ቃል ከጣሊያን የመጣ ሲሆን በትውልድ አገሩ ድስት ማለትም ነው። ሠሪዎቹ በላሜራ ጠቅልለው፣ ውስጡን በተበሳሳ ቱቦና በግድግዳ ከፋፍለው የሚሠሩት ዕቃ እውነትም ከድስት ብዙ አይርቅም። ችግሩ ያለው ከድስቱ ይልቅ ወደ ድስቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቱቦ በጉልበት ሲታጠፍ ክርኑ ላይ ይጨፈለቃል፤ የ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ እዚያች ቦታ ላይ ከ42ቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማስቀረት ሁለት የቆዩ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ቱቦውን በደንብ በደረቀ አሸዋ ሞልቶ፣ ሁለቱን አፍ ወትፎ፣ አግሎ ማጠፍ ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ የታፈነው እንፋሎት ሊፈነዳ ስለሚችል ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ቱቦውን እንደ ብርቱካን ክፋይ በሰያፍ እየቆረጡ መበየድ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ውስጡ ግን አይጠብም።

ስለ ቁሳቁሱም አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል። ለውኃ መስመር የሚሸጠው ዚንክ የተቀባ ቱቦ በቀላሉ ስለሚገኝ ለጭስ ማውጫነት ይፈተናል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የብየዳ ሙቀት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ጭሱን የሳበ በያጅ ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ሊለውና ሊያተኩሰው ይችላል። ለመኪናው ባለቤትም ቢሆን ልባሱ በተቃጠለበት የብየዳ መስመር ላይ ዝገቱ ቀድሞ ስለሚጀምር ርካሹ ዋጋ ብዙ አይከርምም። በነገራችን ላይ በያጁ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል። ከብየዳ በሚመጣ ኤሌክትሪክ የተቃጠለ ዲናሞ ወይም ኮምፒዩተር ከማርሚታው ይበልጥ ያስወጣል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን እንቅስቃሴው ነው። ሞተር በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ሲነሳና ሲጠፋ ይወዛወዛል፤ ሻንሲው አይወዛወዝም። ከሞተሩ እስከ ጅራቱ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ሻንሲው ላይ የተበየደ ቱቦ ከሁለት ወገን ሲጎተት ይከርምና ማኒፎልዱ አጠገብ ይሰነጠቃል። በመሐል እንደ ልብ የሚተጣጠፍ የሽቦ ሽፋን ያለው ቁራጭ ካልገባና ቀሪው አካል በጎማ ካልተንጠለጠለ የአስፋልቱ ጉድጓድ ሥራውን ያፈርሰዋል።

ስንጥቁ ጩኸት ብቻ ቢያመጣ ባልከፋ ነበር። በዚህ ሃይኤስ ሞተሩ የሚቀመጠው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። በመሐከላቸው ያለው የሞተር ክዳን ጎማ ካረጀ ወይም ሞተር ሲቀየር በደንብ ካልተመለሰ፣ ከማኒፎልዱ የሚያመልጠው ጭስ አጭሩ መንገዱ ወደ ሾፌሩ እግር ነው። መኪናው ሰው የሚተኛበት ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ያወጣል እንጂ አያወጣም ማለት አይደለም። ቱቦው በመስኮት ሥር ተቆርጦ መቅረት የለበትም፤ የመኪናውን አካል አልፎ መውጣት አለበት። ቀጥ ያለ የኋላ ግድግዳ ያለው መኪና ሲሮጥ ከኋላው አየር የሚስብ ባዶ ቦታ ስለሚፈጥር፣ የኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚጓዝ ሰው የራሱን ጭስ መልሶ ያስገባል። ባትሪ ለመሙላት ብሎ ሞተር አስነስቶ መተኛትም ፈጽሞ አይሞከርም። ከወለሉ በላይ ኮምፔንሳቶና ስፖንጅ፣ ከጎኑም የነዳጅ ታንከር ስላለ፣ ቱቦው በሚያልፍበት ሁሉ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ትቶ የሙቀት መከላከያ ላሜራ ማሰር ያስፈልጋል።

ጥቁር ጭስ ሲታይ ጣት የሚቀሰረው በማርሚታ ሠሪው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በሌላ አገር፣ በዝቅተኛ ቦታ እንዲሠራ የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ የሚበቃውን ያህል አየር ሳያገኝ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል፤ ትርፉም ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማርሚታው ከመወቀሱ በፊት ፖምፓውና ኖዝሉ ይታይ። ለዓመታዊ ምርመራ ተሰልፎ በጭስ የተመለሰ ሰው ቦሎው እስኪለጠፍ መኪናው ቆሞ ስለሚውል ሒሳቡን ያውቀዋል።

ደላሎችን የሚመለከተው ሌላው ነጥብ ወረቀቱ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ከወጣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የማይመሳሰል መኪና ግን ዛሬም ለገበያ ይቀርባል። እንዲህ ያለው መኪና የስም ዝውውር ላይ ሲደርስ ይያዛል፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰብራል። ሻጭ የሞተሩን የግዢ ሰነድ ይዞ ለውጡን አስቀድሞ ቢያስመዘግብ "ሞተሩ ተነክቷል ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ወረቀት ያሳያል።

ወጪውን ከምንጩ የሚቀንሰው ግን ሶማሌ ተራ ላይ የሚደረገው ስምምነት ነው። ሞተሩ ከነማኒፎልዱና ከመጀመሪያው የቱቦ ቁራጭ ጋር እንዲሸጥ መጠየቅ ይገባል። ያ ቁራጭ ለሻጩ ውራጅ ብረት ነው፤ ለበያጁ ግን የአፉን ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የመጀመሪያውን እጥፋት ያስቀምጥለታል። ሳይጠየቅ የቀረ እንደሆነ ኮልፌ ላይ ከላሜራ እንደገና ተቆርጦ፣ ቀዳዳው በግምት ተበስቶ ይሠራል።

ሥራው አልቆ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መኪናው በሚኒሞ ይነሳና የቱቦው ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይታፈናል። ጥብቅ ከሆነ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ሊጠፋም ይችላል። ክፍተት ካለበት ከአንዱ መገጣጠሚያ ፉጨት ይሰማል፤ በያጁ እዚያው እያለ ኖራ ይቀባበትና ይበየዳል። ከዚያ እስከ ሰበታ ደርሶ መልስ ተነድቶ፣ ብረቱ ግሎ ከበረደ በኋላ፣ የማኒፎልዱ ዳዶዎች ድጋሚ ይጠበቃሉ።